ዋርሳዬ፣ ፈረሱና ትሉ

የባሌ የአርባ ተዝካር ዕለት፣ ድንኳኑ ገና ሳይፈርስ፣ ታናሽ ወንድሙን፣ ዋርሳዬን፣ ጋጣው በር ላይ ቆሞ የፈረሳችንን ጥርስ ሲያይ አገኘሁት። የላይኛውን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገልብጦ፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚያጣጥል ሰው አንገቱን ዘመም አድርጓል።

"ምን ፈለግህ?" አልኩት።

"የወንድሜን ፈረስ እያየሁ ነው" አለኝ ወደ እኔ ሳይዞር። "ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ። አንቺ ምን ታደርጊበታለሽ?"

"እነዳዋለሁ።"

ያን ጊዜ ዞረ። ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየና ሳቀ። "ሴት ቡታጅራ ላይ ጋሪ ስትነዳ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላየሁም። እንግዲህ አብረን እናያለን።"

እኔ የቸሃ ልጅ ነኝ፤ ቡታጅራ የገባሁት በትዳር ነው። የእኔ ጉራግኛና የባሌ ዘመዶች ጉራግኛ ዘመዳሞች ቢሆኑም ፈጥነው ሲያወሩት አይገባኝም። ስለዚህ የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ እንዳልሰማ ሲፈልጉ ደግሞ ወደ ራሳቸው ቋንቋ ይሻገራሉ። ያን ቀንም ዋርሳዬ ድንኳን ገብቶ ከአጎቶቹ ጋር ሲንሾካሾክ የፈረሱ ነገር መነሳቱን ብቻ ነበር የለየሁት። ነገሩን የቆረጡት አማቴ ናቸው። ሆን ብለው፣ እኔ እንድሰማ፣ በአማርኛ "ፈረሱ የሟች ልጆች ጉሮሮ ነው። ከዚህ ግቢ አይወጣም" አሉ።

ዋርሳዬ እናቱን አልተቃወመም። እኔን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ "የወንድሜ ሚስት" ብሎ መጥራቱን ተወ። "ያቺ የቸሃዋ" ሆንኩ።

እውነት ለመናገር ጋሪ መንዳት አልከበደኝም። ባሌ ኩላሊቱን ታሞ በተኛበት ጊዜ ፈረሱን የማበላው፣ የማጠጣው፣ ጋሪው ላይ የማስረው እኔ ነበርኩ። ፈረሱ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጨዋ። የከበደኝ ተራው ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የጋሪ ተራ ስደርስ ወንዶቹ ጋሪያቸውን ጎን ለጎን አስጠግተው መግቢያ ያሳጡኛል። አንዱ "ለቅሶሽን ጨርሰሽ ነው?" ይላል፤ ሌላው "ፈረሱ ቀሚስ ይፈራል" ይላል፤ ዋርሳዬ ከመሀላቸው ሆኖ አይናገርም፣ ይስቃል ብቻ። እሱም የራሱ ጋሪ አለው፤ ፈረሱ ግን ያረጀ ስለነበር ዓይኑ ከዳማው ላይ አልተነቀለም።

ያስገቡኝ ተራ አስከባሪው ናቸው። ሽማግሌ እስላም ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከቆሼ የማረቆን በርበሬ በጋሪ ሲያመላልሱ የኖሩ። ብትራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው "ፈረስ ያለው ይሰለፋል። ሌላው የአላህ ነው" አሉ። ወንዶቹ መንገድ ለቀቁልኝ፤ ሰላምታ ግን አልሰጡኝም። በዚህ ዓይነት ክረምቱ አለፈ።

መስከረም ጠብቶ ሣሩ በበዛበት ጊዜ ዳማው መክሳት ጀመረ። የሚገርመው ይበላል። ድርቆሹን ጨርሶ ፉርሽካውን ይልሳል፤ የጎኑ አጥንት ግን በየቀኑ እየወጣ ሄደ። ጠጉሩ ቆሞ ሻካራ ሆነ። ጭራውን አጥሩ ላይ ሲፈትግ ከመዋሉ የተነሳ ሥሩ ተመልጦ ቆዳው ታየ። የሐኪም ቤቱን ዳገት በአንድ ትንፋሽ ይወጣ የነበረ ፈረስ መሀሉ ላይ ቆሞ ጎኑ ይርገበገብ ጀመር።

ተራው ላይ ይሄ ሁሉ ሰርግ ሆነላቸው። "የሴት እጅ ነው ያከሳው።" "ባልዋን የበላ ነገር ፈረሱን አይተውም።" የኋለኛውን ያለው ዋርሳዬ ነው። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ፤ የልጓሙን ማሰሪያ ግን እንዳይፈታ አድርጌ ነበር ያጠበቅኩት።

ከዚያ አንድ ቀን ራሱ ወደ ጋሪዬ መጣ። "ትል ነው" አለ። "ከፈለግሽ እናጠጣልሻለን።"

እንዴት እንደሚያጠጡ አውቃለሁ። ቀደም ብለው የአንዱን ግራጫ ፈረስ ሲያጠጡ አይቻለሁ። ትምባሆ በሳሙና ውሃ ይዘፈዝፉና ጠርሙስ ይሞላሉ፤ ፈረሱን ከግራር ሥር አቁመው ራሱን በገመድ ወደ ቅርንጫፉ ሽቅብ ይስባሉ፤ ከዚያ በአፍንጫው ያንቆረቁራሉ። ግራጫው ዓይኑ ተገልብጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ሲያስል ከረመ፤ ባለቤቱም "ትሉ እየወጣ ነው" ይል ነበር። ፈረሱ ሳይድን ወደ ጉንችሬ ተሸጠ ሲባል ሰማሁ።

"አላጠጣም" አልኩት።

"እንግዲያው ሲሞት እንዳትጠሪኝ።"

"በሕይወት እያለም አልጠራሁህም።"

በማግስቱ ዳማውን እየሳብኩ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ከጎጃም የመጡ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ቡታጅራን እንደ እስር ቤት የሚቆጥሯት ሰው ናቸው። ሰው ሲገባ የሚቀበሉት በቁጣ ነው። ፈረሱን ገና ከበሩ ሲያዩት "ይሄን አስከሬን ለምን አመጣሽብኝ?" አሉ።

"ዶክተር፣ ሳይሞት ነው ያመጣሁት።"

"ምን ሰጠሽው?"

"ምንም።"

"ምንም?" ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። "ትምባሆ የለም? የበግ ኪኒን የለም? የከብት መርፌ አንገቱ ላይ አልወጋሽም?"

"የለም።"

"እንግዲያው ከዚህ ከተማ አይደለሽም" አሉና ጓንታቸውን አጠለቁ።

ድዱን ገልጠው አዩ፣ የዓይኑን ሽፋን ዝቅ አድርገው አዩ፤ ሁለቱም ነጥተዋል። የፊት እግሩ ጠጉር ላይ የተጣበቁ ቢጫ ነጠብጣቦች አሳዩኝ። እኔ የሣር ዘር መስሎኝ ነበር። "የዝንብ እንቁላል ነው። ይልሰዋል፣ ሆዱ ውስጥ ይፈለፈላል" አሉ። ከዚያ ትኩስ ፋንድያ እንዳመጣ አዘዙኝ፤ ከመሬት ያደረ ሳይሆን አሁን የወጣ። ዳማው ግቢያቸው መሀል አልነፈገንም። እፍኝ አንስተው ወደ ውስጥ ገቡና በማጉያ መነጽራቸው ሲያዩ ቆዩ። ሲወጡ ግንባራቸው ይበልጥ ተቋጥሯል።

"ሞልቶታል" አሉ። "አሁን የምልሽን ስሚ፤ ሁለት ጊዜ አልናገርም።"

ሁለት ጊዜ ግን ተናገሩ። መጀመሪያ ደረቱን ከፊት እግሮቹ ኋላ በሜትር ዙሪያውን ለኩ፤ የመድኃኒቱ ልክ የሚወጣው ከክብደቱ እንጂ ከዓይን ግምት አይደለም። ሲያንስ ትሉ መድኃኒቱን ይለማመደዋል፤ ሲበዛም የከሳ ፈረስ አይችለውም። ለፈረስ የሚሆነውን መድኃኒት ፈጭተው በጥቂት ውሃ እንደ ቅንጬ አወፈሩት፤ መርፌው በወለቀ ትልቅ ስሪንጅ ቀዱት። በአፉ ጥግ፣ ጥርስ በሌለበት ቦታ አስገብተው በምላሱ ሥር ገፉት። ራሱን ሽቅብ አልሳቡትም። "ፈረስ ቀና ካለ ሳንባው ነው የሚጠጣው" አሉ። "በአፍንጫው የሚያጠጡት ሁሉ ሳንባውን ነው የሚያጠጡት። ከዚያ ሲያስል ደስ ይላቸዋል!"

አፉ ውስጥ የቀረ ድርቆሽ እንደሌለ ቀድመው አይተው ነበር፤ ድርቆሽ ካለ ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ላይ ይተፋዋል። እስኪውጥ አገጩን ይዘው ቆዩ። ከዚያ እስኪያገግም ጋሪ እንዳላስጎትተው፣ ሆዱን እንዳየው፣ ሣሩን እንዳልከለክለው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ፋንድያውን እንዳመጣ ነገሩኝ።

"መድኃኒት ስጪ ስላልኩሽ ደግሞ በየወሩ እንዳትሰጪ" አሉ። "መጀመሪያ ፋንድያው ይታያል። ትል ከሌለ አይሰጥም።"

አመስግኜ ልወጣ ስል "ሌላም አለ" አሉ። "ይሄ ፈረስ የሚግጠው የት ነው?"

"ከተራው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ። ሁሉም እዚያ ነው የሚያስሩት።"

"ፋንድያውስ?"

"እዚያው ነው።"

"እንግዲያው ትሉንም ነገ እዚያው ይመልሰዋል። ወይ ሜዳውን ታጸጃለሽ፣ ወይ ሌላ ሜዳ ትፈልጊያለሽ። ሌሎቹም ፈረሶቻቸውን ያምጡ። ንገሪያቸው።"

ንገሪያቸው! እኔን ሰላም ለማይሉኝ ሰዎች።

ዳማው ባረፈበት ሰሞን በየጠዋቱ አካፋና ጆንያ ይዤ ሜዳው ላይ ወጣሁ። ሌላ ሜዳ የለኝም። የዘቢዳር ተራራ ጭጋጉን ሳይገልጥ የዳማውን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ፈረሶች ፋንድያ እየሰበሰብኩ ወደ እንሰቴ ማሳ ወሰድኩ። ማዳበሪያም አገኘሁበት። ወንዶቹ ሲመጡ ግን ሌላ ስም ጠበቀኝ። "ፋንድያ ለቃሚ!" ብለው ከሩቅ ይጮኹብኛል። አንዱ፣ ገና ያልበረደ ፋንድያ በእግሩ ገፍቶልኝ "ይሄንንም ምሳሽ አድርጊው" አለ። በአካፋዬ አነሳሁና ጫማው ላይ መልሼ አፈሰስኩለት። ሊመታኝ እጁን አነሳ፤ የተራ አስከባሪው ብትር ቀደመው።

"ለምን እንደምለቅም ልንገራችሁ?" አልኩ የተሰበሰቡትን። ሐኪሙ ያሉትን ሁሉ፣ ሳላስቀር፣ ነገርኳቸው። እንቁላሉ በፋንድያ እንደሚወጣ፣ ከሣሩ ጋር ተመልሶ እንደሚበላ፣ አንዱ ታክሞ ሌላው ካልታከመ ድካም እንደሆነ። በአፍንጫ ማጠጣት ሳንባ እንደሚገድልም ነገርኳቸው። ተራ አስከባሪው ሰምተው ጢማቸውን ዳሰሱ። ሌሎቹ ዋርሳዬን አዩት።

"የአባታችን ፈረሶች ስንት ዘመን ኖረዋል" አለ እሱ። "ከቸሃ ፈረስ የሚያስተምረን ሰው መጣ ወይ?" ሳቁ። ሜዳውን ብቻዬን ማጽዳቴን ቀጠልኩ።

ዳማው ቀስ በቀስ ወደ ሰውነቱ ተመለሰ። ጠጉሩ ተኛ፣ አበራ። ወደ ጋሪው ስመልሰው ዳገቱን ሳይቆም ወጣ። ይሄንን ሁሉም አይቷል፤ ማንም ግን አልተናገረም። ዋርሳዬ ይበልጥ ጠቆረ።

በዚሁ ሰሞን ያረጀ ፈረሱን ወደፊት ይተካልኛል ብሎ ከቆሼ ገበያ አንድ ውርንጭላ ገዝቶ መጣ። ለጋሪ ገና ያልደረሰ ነው፤ እግሩ ረጃጅም፣ አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ግን እንዳረገዘች ባዝራ የተነፋ። ያስላል። ያየሁት ቀን ተራው ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ የዳማውን ፋንድያ ዳግም ስወስድላቸው ሐኪሙ ስለ ውርንጭላ የነገሩኝ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። ሆዱ የተነፋ ውርንጭላ ውስጡ ትልልቅ ትል የሞላው ነው፤ ኃይለኛ መድኃኒት ባንዴ ከሰጡት ትሉ ባንዴ ይሞትና እንደ ውታፍ አንጀቱን ይዘጋል፤ እንዲህ ያለውን ሐኪም እያየው፣ ለዘብ ባለ መድኃኒት ነው የሚጀመረው።

ከእኔ ጋር አይነጋገርም። ስለዚህ ተራ አስከባሪውን "አባባ፣ እባክዎ ይንገሩልኝ። ያ ውርንጭላ የገበያ ኪኒን እንዳይሰጠው። መጀመሪያ ሐኪሙ ይየው" አልኳቸው። ሄደው ነገሩት። ከቆምኩበት የመለሰውን ሰማሁ፤ እንድሰማም ነው ጮክ ያለው።

"ዓይንዋን ከፈረሴ ላይ እንድታነሳ ንገሯት!"

በገበያ ቀን ላስቲክ አንጥፎ መድኃኒት ከሚቸረችር ሰው የከብት ኪኒን ገዛ። የበሬ ልክ። ቸርቻሪው ለተነፋ ሆድ ደረብ ማድረግ ነው ብሎት፣ ደረበ። ጓደኞቹ ራሱን ሽቅብ ስበው ያዙለት፣ በጠርሙስ አጠጣው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሪዬን ሳዘጋጅ የግቢዬ በር በእርግጫ ተከፈተ። ዋርሳዬ ነው፤ ከኋላው ሁለት ወንዶች አሉ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ስጪኝ" አለ።

"ምኑን?"

"ከልብስሽ ቁራጭ ስጪኝ። ፈረሴ እየሞተ ነው።"

እዚህ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ከብት ወይም ሰው በዓይን ተበላ ሲባል፣ በላች ከተባለችው ሰው ልብስ ቁራጭ ተወስዶ በሽተኛው በጭሱ ይታጠናል። ልብስሽን ስጪ ማለት ቡዳ ነሽ ማለት ነው። ይህ ቃል አንድ ጊዜ ከተለጠፈ ልጆች ድረስ ይወርዳል፤ ልጄን ማንም አያገባትም፣ ቤቴ ማንም እህል አይቀምስም።

"ምን እያደረገ ነው?" አልኩት።

"ምን ያገባሻል!"

"ሆዱን በእግሩ ይመታል? ይወድቃል ይነሳል? ወደ ጎኑ ያያል?"

ከኋላው ያለው ሰውዬ "እንዴት አወቀች?" ብሎ አማተበ።

"ያጠጣኸው ነው የያዘው። ቡዳ አይደለም። ሐኪሙን ጥራ፣ ገና አልሞተም!"

"ሐኪምሽን ለራስሽ አድርጊው" አለና ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ ያዘ። ሳብኩ፤ ሳበ። ጨርቁ ሲተረተር የተሰማኝ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ባሌ ያመጣልኝ ነጠላ ነው። ቁራጩን በጡጫው ጨብጦ ሲወጣ፣ ጎረቤቶቼ በየአጥራቸው ላይ ቆመው አዩ። አንዷም ወደ ግቢዬ አልገባችም።

አላለቀስኩም፤ ጊዜም አልነበረኝም። በተቀደደው ነጠላ ጋሪዬ ላይ ወጥቼ በቀጥታ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ የሆነውን ስነግራቸው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ትከሻዬን አዩና ዘጉት። ሞተር ሳይክላቸውን አስነስተው ቀደሙኝ።

ስደርስ ውርንጭላው ሜዳው ላይ ተጋድሟል። ላቡ ከመሬት ጋር ጭቃ ሠርቷል። አፍንጫው ሥር የነጠላዬ ቁራጭ በሸክላ ላይ ይጨሳል። ሐኪሙ ሸክላውን በእግራቸው ገፍተው ጆሯቸውን ሆዱ ላይ ለጠፉ፤ "ዝም ብሏል" አሉ፤ የአንጀቱ ድምፅ ማለታቸው ነው። የሕመም ማስታገሻ ወጉት። ቱቦ በአፍንጫው እስከ ጨጓራው ለማስገባት ሲሞክሩ ውርንጭላው አንድ ጊዜ ተንፈራገጠና እግሮቹን ዘረጋ። ሞተ።

ዋርሳዬ ራሱን ያዘ። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "በላችው! ሁላችሁም አያችሁ፣ አይታው ነው የሞተው!"

ወንዶቹ አንድ እርምጃ ከእኔ ራቁ። አንዱ ድንጋይ ሲያነሳ አየሁ። ዳማው ጋሪው ላይ እንደታሰረ ጆሮውን አቆመ። ሸሽቼ ብሄድ ኖሮ ያ ቃል ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር፤ ስለዚህ ከሬሳው ጎን ቆምኩ።

"ይከፈት" አልኩ።

"ምን?"

"ሆዱ ይከፈት። እዚሁ፣ በሁሉ ፊት።"

"ፈረሴን ማንም አያርድም!" አለ ዋርሳዬ።

ተራ አስከባሪው ብትራቸውን ተደግፈው ወደ ፊት መጡ። "ልጄ፣ አንዲትን ሴት ቡዳ ብለህ ጠርተሃል። ካልተከፈተ ይሄ ቃል እሷ ላይ ይቀራል፤ ወላሂ አንተም ላይ ይቀራል። ዶክተር፣ ይክፈቱት።"

ሬሳውን በገመድ ከከተማው ዳር ወዳለው ገደል አፋፍ ጎተቱት። ሐኪሙ ረጅም ጓንት አጥልቀው ቢላቸውን ሞረዱ። ወንዶቹ አፍንጫቸውን በልብሳቸው ሸፍነው ዙሪያውን ቆሙ። ሆዱ ሲከፈት እንፋሎት ወጣ። ቀጭኑ አንጀት አንድ ቦታ ላይ እንደ ታሰረ ጆንያ ተወጥሮ ጠቁሯል። ሐኪሙ እዚያ ላይ በቢላቸው ጫፍ ሰነጠቁት።

ነጭ፣ ወፋፍራም፣ እርሳስ የሚያክሉ ትሎች፣ እንደ ተገመደ ገመድ እርስ በርስ ተጠላልፈው፣ ሣሩ ላይ ፈሰሱ። አንዳንዶቹ ገና ይንቀሳቀሳሉ። ሐኪሙ በእጃቸው ሲያወጡ፣ ሲያወጡ፣ አላልቅ አለ። ድንጋይ ያነሳው ሰውዬ ዞሮ አስመለሰ።

"በልክ፣ ቀስ ተብሎ ቢሰጠው ይወጣ ነበር" አሉ ሐኪሙ፣ እጃቸውን ወደ ዋርሳዬ ዘርግተው። "ባንዴ ገደልካቸውና መውጫ አጡ። ና፣ ቅረብና እይ!"

ዋርሳዬ አልቀረበም። ፊቱ አመድ መስሏል። እኔን ለረጅም ጊዜ አየኝ። ያፍራል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

"ትሉንስ ማን ላከበት?" አለና ሄደ።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው። ዓይኑ ሥር ብታፈሺለትም አያይም።

እኔ ግን አልተውኩትም። የአገር ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ከአጎቶቹ ሁለቱ፣ ተራ አስከባሪው፣ የእድራችን ዳኛም ነበሩበት። አማቴም ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ የለመዱትን አደረጉ፤ "እሱም ተናዶ ነው፣ አንቺም ቻይው፣ የአንድ ቤት ሰዎች ናችሁ፣ አዲስ ነጠላ ይግዛልሽና ተሳሳሙ" አሉ።

"ነጠላ አልፈልግም" አልኩ። "ቡዳ ያለኝ ተራው ላይ ነው። ሐሰት መሆኑንም ተራው ላይ ይናገር።"

"ይሄማ ማዋረድ ነው" አለ አንዱ አጎት።

"እኔን ያደረገኝ ምንድን ነው?"

በራሳቸው ቋንቋ ብዙ ተነጋገሩ። ያን ቀን ለመስማት እንኳ አልሞከርኩም። በመጨረሻ አማቴ "ልጄ ይናገር" አሉ፤ "የልጅ ልጆቼ የቡዳ ልጅ እየተባሉ አያድጉም።"

ተናገረ። ጠዋት፣ ሁሉም ጋሪ ተሰልፎ፣ ሽማግሌዎቹም ቆመው ሳለ፣ የዚያን አሮጌ ፈረሱን የሆድ መቀነቻ እያጠበቀ፣ ራሱን ሳያነሳ "ቡዳ ያልኳት ሐሰት ነው። ፈረሴን ትል ነው የገደለው" አለ። ከዚያ "በቃ? ወይስ መሬት ልሳም?" ብሎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። እነሱም እፎይ ብለው ትከሻዬን ይዘው ወደ እሱ ገፉኝ፤ እንድስመው።

"ቃሉን መልሷል፣ ተቀብያለሁ" አልኩ። "ጉንጬን ግን አልሰጥም።"

"አንቺ ደግሞ ልበ ደንዳና ነሽ!" ብለው ተቆጡኝ። ይቆጡ። ነገሩ የደረሰው በእኔ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተራው ላይ አንድ ነገር ተለወጠ፤ ፍቅር ግን አይደለም። ተራ አስከባሪው ደንብ አወጡ፤ ከሜዳው ሲነሳ እያንዳንዱ የፈረሱን ፋንድያ ያነሳል፣ ያላነሳ ተራ አያገኝም። ወንዶቹ "የቸሃዋ ሕግ" እያሉ፣ እኔን እየረገሙ ያነሱታል። በፌስታል ትኩስ ፋንድያ ቋጥረው ክሊኒክ የሚሄዱም በዙ። ሐኪሙ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁመውኝ "ምን አደረግሽብኝ? ቢሮዬን ጋጣ አደረጉት!" ብለው ጮኹብኝ። ሲጮኹ ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ያለፈው መስቀል አማቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። እዚህ አገር መስቀል ላይ የተጣላም ቢሆን ከቤተሰቡ አይቀርም። ዋርሳዬ ከአንዱ ግድግዳ፣ እኔ ከሌላው ተቀመጥን፤ ክትፎው መሀላችን ዞረ። ለሌሎቹ እየተናገረ፣ አዲስ የገዛውን ፈረስ ሐኪሙ ደረቱን ለክተው መድኃኒት እንደሰጡት፣ ፋንድያውንም እንዳዩለት አወራ። ወደ እኔ አንዴም አልዞረም።

አማቴ ቆጮ ሲጨምሩልኝ ጎንበስ ብለው "ሰማሽው አይደል?" አሉኝ በጆሮዬ።

"ሰማሁ፣ እማማ። ለፈረሱ ደስ ብሎኛል።"

"ለእሱስ?"

"ለእሱ ገና ነው" አልኩና ቆጮውን ቆረስኩ። እሳቸውም ቅቤውን ይዘው ወደ ልጃቸው ዞሩ።